የጋራዥ ጥያቄዎቻችሁ፦ ለርካሽ ቱርቦ ካርቡሬተር ወይስ ኢንጀክሽን?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና ማደስና "ትንሽ ጉልበት መጨመር" የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል መሰለኝ። ቱርቦ (በጭሱ ጉልበት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚጠቀጥቀው ዕቃ) ደግሞ የሁሉም ምኞት ነው፤ ክርክሩ ቤንዚኑን በአየሩ መምጠጥ የሚሰጠው ካርቡሬተር ይሁን ወይስ በግፊት የሚረጨው ኢንጀክሽን ነው። እንጀምር።

ሰላም ጋሼ። ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ፣ ሞተሯ 4ኬ፣ ካርቡሬተሯ ከፋብሪካ የመጣው ነው። ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ትንሽ ቱርቦ አገኘሁ፣ ዋጋውም ደህና ነው። አንዱ መካኒክ "ጂግለሩን (የቤንዚን ማለፊያ ቀዳዳውን) ሰፋ አድርገን እንገጥመዋለን፣ ኢንጀክሽን የሀብታም ነገር ነው" አለኝ። ሌላው ደግሞ ያለ ኢንጀክሽን እንዳትሞክራት አለኝ። ብር የለኝም፣ ጉጉቱ ግን አለኝ። ማንን ልስማ? (ከጎፋ)

ሁለተኛውን ስማ። የመጀመሪያውንም ግን አትናቀው። በካርቡሬተር ቱርቦ አይሠራም ማለት ውሸት ነው፣ ይሠራል። ጥያቄው ስንት ወር ይሠራል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር በካርቡሬተሩ ጠባብ አንገት ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ የወረደው ግፊት ቤንዚኑን በጂግለሩ በኩል መጥጦ ያወጣዋል። አለቀ። ካርቡሬተር የሚያየው የአየሩን ፍጥነት ነው፣ ክብደቱን በደንብ አያይም። የቱርቦ ሥራ ደግሞ አየሩን ማክበድ ነው፣ በዚያችው ሊትር ውስጥ ብዙ አየር መጠቅጠቅ። አየሩ በዚያው ፍጥነት እየሄደ ክብደቱ በ40 በመቶ ቢጨምር፣ ቱርቦው የሚነፋበት ካርቡሬተር የሚጨምረው ቤንዚን 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው (ሒሳብ ለምትወዱ፣ ጭማሪው የሚሄደው በስኩዌር ሩት ነው)። ስለዚህ ግፊት በጨመረ ቁጥር ሞተሩ ቤንዚን ያንሰዋል። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይስማማዋል፣ ቱርቦ ሲገፋው ግን አየሩ ወደ 12 ኪሎ መውረድ አለበት፣ ትርፉ ቤንዚን የቃጠሎውን ሙቀት እንዲያበርድለት።

"ጂግለሩን እናሰፋዋለን" የተባልከው ይሄንን ለመሸፈን ነው። ለትልቁ ግፊት እንዲበቃ ካሰፋኸው፣ ሜክሲኮ መብራት ላይ ቆመህ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጠዋት አልነሳም ትላለች። ለከተማ እንድትመች ካደረግካት ደግሞ ዳገት ላይ ስትረግጣት ትራባለች።

አሁን ደግሞ ከፍታውን ጨምርበት። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ነው፣ ባህር ዳርቻ ላይ ግን 1.01 ነው። ዲኤክስህ አዲስ ሳለች እንደተሸጠችበት አገር ከ60 እስከ 75 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እዚህ ላይ ሩብ ያህሉ ገና ሳትነሳ ጠፍቷል። ስለዚህ ቱርቦህ 0.25 ባር ሲገፋ ያደረግከው ነገር ቢኖር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከቆመች ዲኤክስ ጋር መተካከል ብቻ ነው። ሳቅ አይደለም፣ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣዋለህ። ከፍታ ላይ ቱርቦ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ችግሩ ቁልቁል ስትወርድ ነው። ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ያረጀች ኮሮላ ላይ ራሴ ቱርቦ ገጠምኩ፣ በካርቡሬተር፣ ጂግለሩን በትንሽዬ መሰርሰሪያ እያሰፋሁ። አዲስ አበባ ላይ ካንዴላዎቹን እየፈታሁ ቀለማቸውን ሳይ ነበር የማስተካክለው፣ ልክ የቡና በወተት ቀለም ሲሆኑ ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ጉዞ። ሞጆን፣ አዳማን፣ ወለንጪቲን አለፍን፣ መኪናዋ ትበራለች። መተሐራ ሜዳው ላይ እግሬን አላነሳም አልኩ። ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚበትን የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ (አዎ፣ እንደዚያ ነበርኩ)፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ። ሦስተኛው ፒስተን መሃሉን ተበስቷል። በኤፍኤስአር ተጭና ተመለሰች።

ምን ሆነ? አዲስ አበባ ላይ 0.77 ሲደመር 0.4 የቱርቦ ግፊት፣ 1.17 ባር ነበር። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ እዚያ 0.9 ሲደመር ያው 0.4፣ 1.3 ባር ሆነ። ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ አየር፣ በዚያ ላይ የበረሃ ሙቀት። ካርቡሬተሩ የጨመረው ቤንዚን ከጭማሪው አየር ግማሽ ያህል እንኳ አይሞላም። የእሳት አሰጣጡም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት) አዲስ አበባ ላይ እንዳስተካከልኩት ነው።

ኢንጀክሽን ላይ ግን ማፕ ሴንሰር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለውን ግፊት ከዜሮ ተነስቶ ይለካል። ለእሱ መተሐራም እንጦጦም ቁጥር ናቸው። 1.3 ባር ካነበበ የ1.3 ባር ቤንዚን ይሰጣል። የአየሩን ሙቀት የሚለካ ሴንሰርም ስላለ የበረሃው ሙቀት አያታልለውም። ኮምፒውተሩ እሳቱንም እንዲቆጣጠር ካደረግከው በየ0.07 ባር ግፊት 1 ዲግሪ ያህል እሳቱን ያዘገያል፣ የተለመደው መነሻ እሱ ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው የድሮው ዲስትሪቢዩተርህ ይሄን አይችልም።

ስለ ብሩ እናውራ። ቱርቦው ከወጪህ ትንሹ ነው። ሰዎች "ካርቡሬተር ርካሽ ነው" የሚሉት አሁን መኪናው ላይ ስላለ ነው። ቱርቦ ሲነፋበት ግን ያው ካርቡሬተር ብዙ ነገር ይለምንሃል። የቤንዚን ፓምፑ ከቱርቦው ግፊት በላይ መግፋት አለበት፣ አለዚያ ቤንዚኑ ወደኋላ ይመለሳል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የምትጠብቀው፣ ውስጧ ባዶ የሆነች ተንሳፋፊ በግፊት ልትጨፈለቅ ትችላለች፣ ድፍን መሆን አለባት። የአየር ማስገቢያው በር የሚዞርበት ዘንግ ዳርና ዳሩ ቤንዚን የተቀላቀለ አየር ያፈሳል፣ ያ ደግሞ ከጋለ ቱርቦ አጠገብ ነው። 4ኬ ላይ አየር መግቢያውም ጭስ መውጫውም በአንድ በኩል ስለሆነ ካርቡሬተሩ የሚቀመጠው እሳቱ አናት ላይ ነው። ይሄን ሁሉ አስተካክለህ ስትጨርስ ከኢንጀክሽን ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት መጀመሪያ እንዳሰብከው አይሆንም።

እኔ ብሆን የማደርገው ይሄ ነው። ከተፈታ ኢንጀክሽን መኪና ኢንጀክተሮቹን (ቤንዚኑን የሚረጩትን)፣ የአየር በሩን ከነሴንሰሩ፣ የሙቀት ሴንሰሮቹን፣ ፓምፑንና የሽቦ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ አንድ ላይ እገዛለሁ። ሽቦዎቹን ረዘም አድርጎ እንዲቆርጥልህ ሻጩን ለምነው። ግፊቱ 3 ባር ስለሆነ የካርቡሬተር ቱቦ አይሆንም፣ የኢንጀክሽን ቱቦ ግዛ፣ ወደ ታንከሩ መመለሻ መስመርም ያስፈልግሃል። ለኮምፒውተሩ ሜጋስኩዌርት ወይም ስፒዱዊኖ የሚባሉ በራስ የሚገጣጠሙ አሉ፣ ስፒዱዊኖ አርዱዊኖ ሜጋ በምትባል ትንሽ ቦርድ ላይ ነው የሚሠራው። ሶልደር የሚችል የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ወዳጅ ካለህ ይሠራልሃል፣ ምሳ ጋብዘው።

የኢንጀክተር መጠን ላይ አትገምት። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ገደማ ቤንዚን ይበላል ብለህ ያዝ። 100 ፈረስ ከፈለግክ በሰዓት 27 ኪሎ ነው፣ ለአራት ስታካፍለው፣ ኢንጀክተሩም ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሠራ ስታደርግ፣ ለእያንዳንዱ በደቂቃ 190 ሲሲ አካባቢ ይመጣል። 200 ግዛ።

ለ4ኬ ከ0.4 ባር በላይ አትመኝ። ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) አዲስ አድርግ። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ግዛ፣ ካርቡሬተርም ብትመርጥ፦ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገባ ዋይድባንድ ሴንሰር ከነጌጁ። የአየርና የቤንዚኑን ልክ በቁጥር ያሳይሃል። እኔ መተሐራ ላይ እሱ ቢኖረኝ ኖሮ ሬዲዮውን አልነካውም ነበር።

ካርቡሬተርና ቱርቦ አይስማሙም ካላችሁ የድሮ ፋብሪካዎች ለምን ሠሩት? መሐንዲሶቹ አያውቁም ነበር? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ያውቁ ነበር እንጂ! አማራጩ ውድ ስለነበረ ነው። ታሪኩ ግን ደስ ይላል፣ ላውራህ።

እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የሚባል መኪና አወጣ፣ 3.5 ሊትር ቪ8፣ 215 ፈረስ፣ ቱርቦና ካርቡሬተር። ሞተሩ እንዳያንኳኳ (እኔ መተሐራ ላይ የሰማሁት የጠጠር ድምፅ እሱ ነው) የውሃና የአልኮል ድብልቅ የሚረጭበት የራሱ ታንክ ነበረው። አስበው፣ ሰው ቤንዚን መሙላት እየረሳ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሁለተኛ ታንክ ደግሞ ሙላ ትለዋለህ። ሰዎቹ ይረሱት ነበር። በኋላ ፋብሪካው ራሱ ቱርቦውን አውልቆ ተራ ካርቡሬተር እስከመግጠም ደረሰ።

ገንዘብ ያላቸው ቀድመው ሸሹ። ፖርሽ 911 ቱርቦን በ1975 ሲያወጣ የቦሽ ሜካኒካል ኢንጀክሽን ነበረው፣ ሳብ 99 ቱርቦም እንደዚሁ። ማሴራቲ በ1981 መጨረሻ ላይ ቢቱርቦ የሚባለውን ሲያሳይ ሁለት ቱርቦ ገጥሞ ካርቡሬተሩን በታሸገ ሳጥን ውስጥ ከተተው፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ወደ ኢንጀክሽን ዞረ።

ላንተ ጥያቄ የሚበጀው ግን 1985 ነው። በዚያ ዓመት ሬኖ 5 ጂቲ ቱርቦን አወጣ፦ 1.4 ሊትር፣ አሮጌ ዲዛይን የሆነ ሞተር፣ ሶሌክስ ካርቡሬተር፣ 115 ፈረስ። ፊያት ደግሞ ኡኖ ቱርቦን፦ 1.3 ሊትር፣ ኢንጀክሽን፣ 105 ፈረስ። በቁጥር ሬኖው ይበልጣል አይደል? ሬኖውን ግን ነድተኸው፣ አሙቀኸው፣ አጥፍተህ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ አልነሳም ይል ነበር፣ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ እየፈላ። ፋብሪካው ካርቡሬተሩን የሚያቀዘቅዝ የራሱ ማራገቢያ ገጠመለት። ለአንድ ካርቡሬተር የግል ማራገቢያ! እኔ ሬኖውን እወደዋለሁ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። ዕለት ዕለት የምነዳው ግን ኡኖዋን ነው።

አንድ የቅርባችንን ልጨምርልህ። ብዙዎቻችሁ በካርቡሬተር የምታውቁት የቶዮታ 2ኢ ሞተር አለ። ቶዮታ በ1986 ስታርሌት ላይ ቱርቦ ሊገጥምበት ሲነሳ ካርቡሬተሩን አውርዶ ኢንጀክሽን ነው ያደረገው፣ ግፊቱንም በማብሪያ ማጥፊያ ዝቅና ከፍ የሚል አደረገው። ብሎኩ ያው፣ መጠኑ ያው። እንግዲህ ለሽያጭ ዋጋ ሳንቲም የሚቆጥር ፋብሪካ እንዲህ ካደረገ ምክንያት አለው።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ጋራዤ ውስጥ የ1971 ቮልስ አለችኝ፣ አባቴ አዲስ አበባ ይነዳት የነበረችውን ስለምታስታውሰኝ ነው የገዛኋት። እዚህ አንድ ሰውዬ ካርቡሬተሩን ከቱርቦው በፊት ግጠመው፣ ከዚያ ምንም አትነካም አለኝ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ካርቡሬተሩ ከቱርቦው በፊት ከተቀመጠ የሚያየው ተራ የከባቢ አየር ነው፣ ስለዚህ ለጎፋው ልጅ የነገርኩት የስኩዌር ሩት ጣጣ የለም። ተንሳፋፊም ፓምፕም አትቀይርም። አሜሪካ የቮልስ ወዳጆች ለረጅም ዘመን እንደዚያ ሲገጥሙ የኖሩት ለዚህ ነው።

አሁን ሌላውን ግማሽ ስማ። ቱርቦው የሚጨምቀው አየር ብቻ ሳይሆን ቤንዚንም ጭምር ነው። ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) መግጠም አትችልም፣ ቤንዚኑ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞተሩ አንዴ ወደኋላ ቢያስነጥስ ከካርቡሬተር እስከ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ያለው ቱቦ በሙሉ ሊቀጣጠል የሚችል ነው። እግርህን ስታነሳ ካርቡሬተሩ ስለሚዘጋ ቱርቦው ላይ ብርቱ መምጠጥ ይፈጠራል፣ ተራ ቱርቦ በዚያ ሰዓት ዘይቱን በማሸጊያው በኩል ያስገባል። ለዚህ አገጣጠም የካርቦን ማሸጊያ ያለው ቱርቦ ነው የሚያስፈልገው፣ ከዘመናዊ መኪና የወጣው አይሆንም። ቮልስ ላይ ደግሞ ከመሃል እስከ ሁለቱ ጎኖች ያለው ቱቦ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው፤ በቨርጂኒያ ክረምት ቤንዚኑ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ እስክትሞቅ ድረስ ትንተባተባለች።

አንተ ያለህበት አገር ደግሞ መለዋወጫ ሞልቷል። ከ1975 ጀምሮ አሜሪካ የተሸጡት ቮልሶች ከፋብሪካው ኢንጀክሽን ነበራቸው፣ ማኒፎልዱን ከኢንጀክተር መቀመጫው ጋር ፈልግ። የአባትህን ትዝታ የሚያመጣው ድምፁ ከሆነ ግን (ቮልስን የሚያውቅ ይገባዋል) ቱርቦ ድምፁን ያፍነዋል። ይሄን ብታስብበት ይሻላል።

እኔ ስለ ቱርቦ ብዙም ግድ የለኝም፣ ባለቤቴ ነው የሚያብደው። ስታርሌታችን ኢንጀክሽን ነች። አልፎ አልፎ ቤንዚን ትበላለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። መካኒኩ "ኢንጀክሽኑን ነቅለን ካርቡሬተር እንግጠም፣ ሴንሰር ቢበላሽ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ፣ ካርቡሬተርን ግን ማንም ይጠግነዋል" ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቱርቦ እጨምራለሁ ይላል። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉን። (ከሐዋሳ)

እሜቴ፣ ባለቤትዎን ይያዙልኝ። ከኢንጀክሽን ወደ ካርቡሬተር ወርዶ ከዚያ ቱርቦ መግጠም ጫማ አውልቆ እሾህ ላይ መሮጥ ነው።

መካኒኩ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው፣ አልክድም። ካርቡሬተር ሲታመም እያነከሰም ቢሆን ቤት ያደርስዎታል። ኢንጀክሽን ላይ የሞተሩን መዞር የሚያነበው ሴንሰር ወይም የቤንዚን ፓምፑ ከሞተ ግን ባሉበት ነው የሚቆሙት። የቀሩት ሴንሰሮች ግን እንደሚባለው አይደሉም። አብዛኞቹ ሲበላሹ መኪናዋ ትከፋለች እንጂ አትቆምም፣ የእርስዎም እየከፋች ነው።

ከመነቀሉ በፊት አንድ ነገር ያስለኩ። ቴርሞስታቱ አካባቢ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካ፣ ሁለት ሽቦ ያለው ሴንሰር አለ። እሱ ሲበላሽ ወይም ሶኬቱ ሲዝግ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ይመጣል። ኤሌክትሪሻኑ በቴስተር ይለካው። ቶዮታ ላይ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦህም ይሆናል። ሞተሩ ሲሞቅ፣ 80 ዲግሪ ላይ፣ ወደ 300 ይወርዳል። ሞቆም በሺዎች የሚቆጠር ካነበበ በሽታው ተገኘ፣ እሱን ብቻ ቀይሩ። እሱ ደህና ከሆነ ደግሞ ወደ ማፕ ሴንሰሩ የሚሄደውን ቀጭን የአየር ቱቦ ያዩት። ከተሰነጠቀ ወይም ከወለቀ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ያው ቤንዚን ያበዛል። ቱቦው ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ባለቤትዎ ቱርቦውን ካልተወ፣ ኢንጀክሽኑ እንዳለ ሆኖ ይጀምር። ግማሹን መንገድ ፋብሪካው ሄዶለታል።

ለጎፋው ልጅ አንድ ተጨማሪ ነገር። ቱርቦውን ገና ካልገዛኸው፣ ስትሄድ የእጅ ባትሪ ያዝ። በአየር በኩል ያለውን ጎማ አውጣና ዘንጉን በጣትህ ያዘው። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ አይግረምህ፣ ደረቅ ሆኖ ሲቆይ እንደዚያ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ሲሳብ ግን ሊሰማህ አይገባም። ምላጮቹ ጠርዛቸው ተበልቶ እንደሆነ፣ ግድግዳውንም ቧጥጠው እንደሆነ በባትሪው እይ። በጭስ በኩል ዘይት ረጥቦ ካየህ ሻጩ "ለጥበቃ የቀባነው ነው" ይልሃል። እሺ በለውና ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፍ።